ውሃ የማይከበው ደሴት

የዓመት ፈቃድ ሲቃረብ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሩቅ አገር ደሴቶችን ሥዕል እያገላበጠ የማይመኝ ሰው ጥቂት ነው። ዙሪያውን ባሕር የከበበው፥ ዛፉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፥ በሌላ ስፍራ የማይገኝ ወፍና እንስሳ የሚኖርበት፥ መንግሥትም ከልሎ የሚጠብቀው የሞቃት አገር ደሴት በእርግጥ ልብን ያማልላል። ችግሩ የጉዞው ዋጋ ነው። የአንድ ጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ ዓመት ሙሉ ቢጠራቀም መሄጃውን ይችል እንደ ሆነ እንጂ መመለሻውን አይችልም፤ የተማሪውማ ኪስ ጭራሽ አይነሣ።

እኔ ግን ዛሬ በአውቶቡስ ዋጋ የሚደረስበት ደሴት ላመለክታችሁ ነው። ጀልባም ዋናም አይጠይቅም። የሚገኘው በምሥራቅ ጎጃም፥ በብቸናና በሞጣ አካባቢ ሲሆን ቁጥሩም አንድና ሁለት አይደለም። ብዙዎቻችሁ በመኪና መስኮት አይታችሁት አልፋችኋል፤ ከአጠገቡ ተወልዳችሁ ያደጋችሁም ትኖራላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል የሚወርደው መንገድ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን ይወጣል። ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውን ትታችሁ የብቸናውን ብትይዙ ደብረ ወርቅን አልፋችሁ ሞጣ ትገባላችሁ። ሞጣ ከአዲስ አበባ 370 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ወገን የጮቄ ተራራ፥ በሌላው ወገን የዓባይ ሸለቆ ይዟታል። በመካከሉ ያለው አገር የእርሻ አገር ነው። ወቅቱ ከደረሰ ጤፉና ስንዴው ዐይን እስኪደክም ድረስ ተዘርግቶ ይታያል።

በዚህ ሜዳ ላይ ስታዩ ከአንዱ ጉብታ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የጠቆረ ነገር ዐይናችሁ ውስጥ ይገባል። ራቅ ብሎ ሌላ፥ ከዚያም ወዲያ ሌላ አለ። ከየመካከላቸው የቆርቆሮ ክዳን ብልጭ ይላል። እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ደሴት ያልኋችሁም እነርሱን ነው።

ለመሆኑ ደሴት ማለት ምንድር ነው? በትምህርት ቤት የተማርነው፥ ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው ብለን ነው። ለሰው ይህ ይበቃዋል። ለዛፍ አውሬ ወይም ከጥላ በቀር ለማይበቅል ቁጥቋጦ ግን ውሃውም የታረሰው መሬትም ያው አንድ ነው፤ ሁለቱም አይኖርባቸውምና።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በፓናማ አገር ባሮ ኮሎራዶ የሚባል ስመ ጥር ደሴት አለ። ጥንት ደሴት አልነበረም፤ በጫካ መካከል የቆመ ኮረብታ ነበር። ሁለቱን ውቅያኖሶች የሚያገናኘው የመርከብ ቦይ ሲሠራ የቻግሬስ ወንዝ ተገደበ። በ1913 ገደማ ውሃው ሞልቶ ዝቅተኛውን ቦታ ሁሉ ሲያሰጥም የኮረብታው ራስ ብቻውን ቀረ። በ1923 ጥብቅ ደን ተብሎ ተከለለና የሳይንስ ሰዎች የሚመራመሩበት ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛፉን የሚቆርጥ የለም፥ ጥበቃውም የተሟላ ነው። ይሁን እንጂ እስከ 1970 ገደማ ድረስ በደሴቱ ላይ ይፈለፍሉ ከነበሩት ወፎች ከ40 የሚበልጡት ዓይነቶች ጠፉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ገላጣ ቦታ የሚወዱ ነበሩና ጫካው እየጎለመሰ ሲሄድ መኖሪያ አጡ። ሌሎቹ ግን የጠፉት ቁጥራቸው አንሶ፥ ተነጥለው በመቅረታቸው ነው። በክፉ ዓመት የሞተውን የሚተካ ዘመድ ከማዶ ተሻግሮ አልመጣም።

የጎጃሙም ደን ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ልዩነቱ ቆላውን የሞላው ውሃ ሳይሆን ማረሻ መሆኑ ነው። ኢጣሊያ አገራችንን ወርራ በነበረችበት ጊዜ፥ በ1938፥ የሰሜኑን አገር ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥታ ነበር። እነዚያ ፎቶግራፎች በዘመናችን ከሳተላይት ሥዕል ጋር ተነጻጽረው ተመርምረዋል። የተገኘውም ነገር የሚያስገርም ነው። አብዛኞቹ የደብር ደኖች በቦታቸው አሉ፤ ስፋታቸውም እንደሚፈራው አልቀነሰም። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ዱር ነው። ዱሮ ከደኑ ወደ ቁጥቋጦው፥ ከቁጥቋጦው ወደ ግጦሹ ቀስ በቀስ ይወረድ ነበር። ዛሬ ግን አንድ እግር በጥቁር ጥላ ውስጥ፥ ሌላው እግር በጤፍ ትልም ላይ ይቆማል። ደኑ ባለበት ሳለ ደሴት ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ውስጥ እንግባ። መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ቅዝቃዜው ነው፤ ከእርሻው ፀሐይ ወጥታችሁ ጥላው ሥር ስትገቡ የቤት በር የተከፈተላችሁ ይመስላችኋል። ጥድ፥ ወይራ፥ ዝግባ፥ ዋንዛ፥ ብሳና፥ ጥቁር እንጨትና ሾላ የዚህ አገር የደብር ዛፎች ናቸው። ከፍ ባለው ቦታ ኮሶም ይገኛል። ከሥራቸው ቀጋው፥ አጋሙና ልምጩ ይተረማመሳል። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሌላው ሜዳ ላይ ፈጽመው የማይታዩ ናቸው።

ከሞጣ ወደ ሰሜን ወርዶ ዓባይን በሰባራ ድልድይ በኩል የተሻገረ ሰው ደቡብ ጎንደር ይገባል። በዚያ አገር ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርጠው አጥንተዋል። ትንሹ 2 ሄክታር እንኳ የማይሞላ፥ ትልቁ 100 ሄክታር የሚደርስ ሲሆን፥ በጠቅላላው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና የእንጨት ሐረግ ቆጠሩባቸው። አንዱ ደብር ያለው ዛፍ በሌላው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይበቃናል ማለት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ደብር ሌላ ቅጂ የሌለው መጽሐፍ እንደ ማለት ነው።

ከእንስሳቱ ዋናው ባለቤት ጉሬዛ ነው። ጥቁር ገላ፥ ከትከሻው እስከ ወገቡ የተንዠረገገ ነጭ ጠጉር፥ ጎፈሬ የሆነ ጅራት አለው፤ ካባ ደርቦ ለክብረ በዓል የወጣ ሽማግሌ ይመስላል። ግልገሉ ግን ሲወለድ ሁለንተናው ነጭ ነው። እንደ ጦጣና እንደ ዝንጀሮ ወደ ሰው እህል አይቸኩልም፤ ዋና ምግቡ ቅጠል ነው። ሆዱም እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተሠራ ስለ ሆነ ቅጠሉን አብላልቶ ይፈጨዋል። ከእጁ ላይ አውራ ጣት የለውም፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ቅርንጫፍ እየያዘ ሲወረወር እንዳይጠላለፍ የሚረዳው ነው ይባላል። ጎሕ ሲቀድ የሚያሰማው የጎረነነ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችንን ጎብኝቶ ይህን እንስሳ በ1835 ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ ስሙን ከእኛው ቋንቋ ወስዶ ጉሬዛ ብሎ መዘገበው። የተገኘበትም አገር ጎጃም ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ በናይጄሪያም ሆነ በኬንያ ያለው ወገኑ በሳይንስ ስሙ ሲጠራ የሚጠራው በአማርኛ ነው። ይህን ያህል ስሙ የገነነው እንስሳ መከራውም አልቀረለትም። ቆዳው በአገራችን ለጋሻና ለለምድ ጌጥ ይውል ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ በአውሮፓ የሴቶች ልብስ ማስጌጫ ሆኖ እጅግ ብዙ ተገድሏል። ጉሬዛ በአፍሪካ በጠቅላላው ሲታይ ሊጠፋ የተቃረበ አይደለም። በአንዲት ደብር ደን ውስጥ የሚኖሩት ጥቂት ቤተሰቦች ግን ሌላ ነገር ናቸው። በመሬት መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ሦስት ኪሎ ሜትር እርሻ ውሻና ልጅ እያባረረው ማቋረጥ ለእርሱ ባሕር እንደ መዋኘት ነው።

ወፎቹስ? ብርቅ ማለት ሩቅ ማለት እንዳልሆነ የሚያስተምሩን እነርሱ ናቸው። ከመንደር ዳር አጥንት የሚለቅመው፥ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ምንቃረ ወፍራም ቁራ በዓለም ላይ የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። በቡድን ሆኖ እየጮኸ በማለዳ የሚያልፈው፥ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የቆለመመው፥ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር አገር የለውም። ክንፉ የጠቆረው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀንም እንዲሁ የሁለቱ አገሮች ደጋ ልጅ ነው። እኛ በየቀኑ እያየን እንሰለቻቸዋለን፤ የውጭ አገር ሰው ግን እነርሱን ለማየት ብቻ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል።

ከሁሉ የሚያምረው ግን ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቱራኮ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴ ስለ ሆነ ከቅጠሉ አይለይም፤ ክንፉን ሲዘረጋ ግን እንደ እሳት የቀላ ነገር ቦግ ይላል። ያ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ ያለበት፥ በዚህ ወፍ ወገኖች ላይ ብቻ የሚገኝ ቀለም ነው። ቱራኮ ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ፍሬ በል ስለ ሆነ የዋጠውን ዘር ወስዶ ሌላ ስፍራ ይጥላል። ያለ እንዲህ ያሉ ወፎች ዛፉ ልጁን ከሥሩ አርቆ መላክ አይችልም።

ይህ ሁሉ እንዴት ተረፈ? ያለ ዘበኛ ደመወዝና ያለ ጠመንጃ የተረፈው በግዝት ነው። ካህናቱ ቤተ ክርስቲያን ያለ ዛፍ ልብስ እንዳጣ ሰው ናት ይላሉ። ታቦቱ ያለበት ስፍራ የተከበረ ስለ ሆነ ጥላውም ተከበረ። በጎጃም ደግሞ ደኑ ትምህርት ቤትም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩባቸው በደብረ ወርቅና በዲማ፥ በሌሎችም ደብሮች፥ የቅኔ ተማሪ ከጎጆው ወጥቶ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ኖሯል። ጸጥታ የሌለበት አገር ቅኔ አይወጣበትም። እንግዲህ ጉሬዛውና ተማሪው አንድ ጥላ ተካፍለው ኖረዋል ማለት ነው።

ሆኖም ግዝት ምሳርን ይከለክላል እንጂ የላም አፍን አይከለክልም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው በደብረ ሰናና በገላውዴዎስ ደኖች ውስጥ ከፊሉን ቦታ አጥረው፥ ከፊሉን ሳያጥሩ ትተው ችግኞቹን ተከታተሉ። በታጠረው ውስጥ ዘሩ በቅሎ ጸደቀ፤ ባልታጠረው ግን የከብት ጥርስና ኮቴ ጨረሰው። በላይ ሲያዩት ደኑ ያስፈራል፥ ዛፉም ሰማይ ይነካል። በታች ግን ሕፃናት የሌሉበት የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። ሽማግሌው አንድ ቀን ሲወድቅ ወንበሩን የሚወርስ የለም።

መድኃኒቱ ከአገሩ ልማድ የራቀ አልነበረም። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ከማርጋሬት ላውማን ጋር ሆነው ገንዘብ እያሰባሰቡ፥ ካህናቱንና ምእመናኑን እያማከሩ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ ደኖችን በድንጋይ ካብ አሳጠሩ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው እርሻ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብረው ድንጋይ ተነሣለት፤ ደኑ አጥር አገኘ። እንዲህ ያለ፥ ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም ነገር በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ይገኛል?

ሌላው ፈተና ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን፥ በ1890ዎቹ፥ ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ ቶሎ ያድጋል፥ ይሸጣል፥ ቤት ይሠራል። በ1975 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ደብሮች ርስታቸውን ስላጡ ለጧፍና ለዕጣን፥ ለክዳን ማደሻ ገንዘብ የሚያገኙት ባሕር ዛፍ ተክለው በመሸጥ ሆነ። ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ከደኑ ዳር አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ የአገሩ ዛፍ ቦታውን ይለቃል። ከሩቅ ሲታይ ደኑ የሰፋ ይመስላል፤ ቱራኮው ግን ከባሕር ዛፍ ላይ የሚለቅመው ፍሬ የለውም።

ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው ካለ ቀና ብሎ ጮቄን ይመልከት። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚነሣው በዚህ ተራራ ላይ፥ ጅብራና ጓሳ በሚበቅልበት ውርጭ፥ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ዛሬ የቀሩት ጎልማሶችም 500 አይሞሉም። እርሻው ወደ ተራራው እየወጣ ሲሄድ የጮቄዎቹ ራሱ ላይ ብቻ ተወስነው ቆዩ፤ በመጨረሻም ጠፉ። በባሌ፥ በሰሜን ተራሮች፥ በመንዝ ያሉት ወገኖቻቸው መጥተው ሊተኳቸው አልቻሉም። እንግዲህ ደሴት መሆን ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ፓናማ መሄድ አያሻንም፤ ጎጃም ራሱ አይቶታል።

እስቲ አሁን ደግሞ አጎበኛኘቱን እንነጋገር። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ መንገዱ ሰላም መሆኑን በደንብ ሳትጠይቁ አትነሡ፤ ደኑ ይጠብቃችኋል። ሰላም ሲሆን ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለው ወራት ይመረጣል። ደብሩ እንደ ደረሳችሁ ቄሰ ገበዙን ፈልጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ቤቱ የእነርሱ ነው፤ ሃይማኖታችሁ ሌላ ቢሆንም እንግድነታችሁን አይነፍጓችሁም። ሴቶችም ወንዶችም እስከ የት መግባት እንደሚችሉ ጠይቃችሁ ሥርዐቱን ጠብቁ። በማለዳ ግቡ፤ ፀሐይ ከጠነከረች ጉሬዛውም ወፉም ያርፋል። እየዞራችሁ አትፈልጉ። ከአንድ ሾላ ሥር ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ እነርሱ ራሳቸው ይመጣሉ። ወፍ ለማስነሣት ድንጋይ የሚወረውር ጓደኛ ካላችሁ ከተማ ትታችሁት ብትሄዱ ይሻላል። ስትወጡ የቻላችሁትን ያህል ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጣሉ፤ ያ ገንዘብ አንድ ባሕር ዛፍ ሳይተከል እንዲቀር ያደርግ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ላይ ብቻ አትዩ። ጉሬዛውን አይታችሁ ከጠገባችሁ በኋላ ጎንበስ በሉና ከጉልበት የማይበልጡትን የወይራና የዝግባ ችግኞች ቁጠሩ። በዐሥር እርምጃ ርቀት ውስጥ ስንት አገኛችሁ? ቁጥሩን በደብተራችሁ ጻፉና ለቄሰ ገበዙ ንገሩ። ምንም ካላገኛችሁም ንገሩ፤ ይህን የሚያህል ወሬ ለደብሩ የለምና። በዓመቱ ተመልሳችሁ ብትቆጥሩ ደግሞ ከጎብኚነት ወደ ተመራማሪነት ተሻገራችሁ ማለት ነው።

በእርሻ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ጀማሪ ሠራተኞች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር በእጃችሁ አለ። ለችግኝ ጣቢያ የሚላከውን ዝርዝር የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ከባሕር ዛፉ መስመር ቀጥሎ ወይራ፥ ኮሶና ዋንዛ የሚል ብትጨምሩ፥ እነዚያም በወንዝ ዳርና በእርሻ ድንበር ላይ ተተክለው ቢጸድቁ፥ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ለሚሻገር ወፍ ማረፊያ ይሆናሉ። ጉሬዛውም ውሎ አድሮ በእነርሱ ላይ ይሻገራል። ድልድይ ማለት ለእርሱ የዛፍ መስመር ነው።

አያቶቻችን ደኑን እስከ እኛ አደረሱት። ለልጆቻችን ለማድረስ ግን ግዝቱ ብቻውን አይበቃምና አጥሩንና ችግኙን እኛ እንጨምርበት።